በግቢ ውስጥ የሚደረግ ጥገና፤ ቮልስዋገንና ባለቤቱ በአዲስ አበባ

የታሪክ ጥናት ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብዙ ሲናገር፥ በየሰው ግቢ በእጅ ስለሚሠራው ሥራ የሚለው ጥቂት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው አንድ ትንሽ አሮጌ መኪና በባለቤቱ ቤት እንዴት ሲጠገን እንደ ኖረ ነው። መኪናው በአገራችን ሰው አፍ «ቮልስ» የሚባለው ቮልስዋገን ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ዕውቀት ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደሚተላለፍ የሚያሳይ ስለ ሆነ፥ ለታሪክ ተማሪ የሚናቅ አይደለም።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የደረሰው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ይዞት የመጣውም ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ባለእጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መዋላቸው አጋጣሚ ነው እንጂ አንዱ የሌላው ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ጥያቄያችንን ያቀኑልናል፤ ባለእጅ ሲናቅ በኖረበት አገር፥ እጁን በዘይት ማጥቆር የማያሳፍረው የመኪና ባለቤት ከየት መጣ?

አንዱ መልስ ከመኪናው አሠራር ይገኛል። ቮልስዋገን ፌርዲናንድ ፖርሽ የነደፈው የዠርመን መኪና ሲሆን፥ የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካውን ሥራ ያስጀመሩት እንግሊዞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1972 የመኪናው ቍጥር ከፎርድ ሞዴል ቲ በለጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ሥራው ሲያበቃም ከ21 ሚሊዮን አልፎ ነበር። መልኩ ለብዙ ዘመን እምብዛም ስላልተለወጠ፥ ከአንዱ አሮጌ መኪና የተፈታ ብዙ ዕቃ ለሌላው ይሆናል። በአገራችንም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ይህ ብዙ የተባለለት ስለ ውርደቱ ነው፤ ለውርደት መግለጫ ሊሆን የቻለው ግን መኪናው የተራ ሰው መኪና ተብሎ ስለሚቈጠር ነው።

ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውኃ ሳይሆን በነፋስ ነው፤ ስለዚህ ራዲያተር የለውም፥ በዳገትም ውኃ አይፈላበትም። ሞተሩን ከማርሽ ሣጥኑ ጋር የሚያያይዙት አራት ቡሎኖች ስለ ሆኑ፥ ሁለት ሰዎች አንድ ክሪክ ይዘው በግቢ ውስጥ ሊያወርዱት ይችላሉ። 2 ሊትር ተኩል ዘይት ይበቃዋል፤ ይህም በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይለወጣል። ቀላል ይሁን እንጂ ቸልታን አይወድም፤ ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ ቢበጠስ በነጂው ፊት ቀይ መብራት ይበራል፤ ያን ጊዜ ወዲያው ያልቆመ ሰው ሞተሩ ይነክስበታል። ደግሞም አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆንዋ አየርዋ ስስ ነው፤ ለባሕር ጠረፍ የተለካ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፥ ካንዴላውም በጥላሸት ይጠቁራል። ባለቤቶቹ መጀመሪያ መፍቻ ያነሡት ካንዴላ ለመጥረግ ሳይሆን አይቀርም ብለን እናስባለን።

ሁለተኛው መልስ ከቋንቋው ይገኛል። ካንዴላ፥ ፑንቲና፥ ቺንጋ፥ ፍሪሲዮን፥ ኮፈን፥ ካቻቢቴ፥ ፒንሳ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ዠርመን የሠራውን መኪና ኢትዮጵያዊው በኢጣልያ ቃል ይጠግነዋል። ከዚህ ተነሥቶ ጥበቡ ራሱ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው ወረራ ስጦታ ነው ለማለት ይቻል ይመስላል፤ እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ስሞቹ የውጭ ይሁኑ እንጂ ግሦቹ የእኛው ናቸው። ቡሎን ይጠብቃል፥ ይላላል፤ አሮጌ ሞተር ዘይት ይበላል፤ መኪና ገመዱን እንደሚበጥስ በሬ ፍሬን ይበጥሳል። ዕቃውን በውጭ ስሙ የተቀበለው ሰው፥ ሥራውንና ሕመሙን ግን ከቤቱና ከከብቱ በሚያውቀው ቃል ተረጐመው። ይህም ጥበቡን የራሱ ማድረጉን ያስረዳል።

ሆኖም በጆሮና በቃል ብቻ የሚተላለፍ ዕውቀት ጕድለት አለበት። ለዚህ ጥናት ብለን አንድ ቅዳሜ በአንድ ግቢ ዋልን። የመኪናው ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ጥገናን የተማሩትም ከጎረቤታቸው ነው። ባልቦላ ሲንኳኳ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ክፍተቱን ይዘጉታል። የሦስተኛው ሲሊንደር ባልቦላ ሁለት ጊዜ ተቃጥሎባቸው ምክንያቱን በቤንዚኑ አሳብበው ነበር። እኛም ያነበብነውን ነገርናቸው፤ በእርሳቸው ዓይነት አሮጌ ሞተር የዘይት ማቀዝቀዣው ስለሚጋርደው ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል፤ ክፍተቱ ከጠፋም ባልቦላው በሚገባ ስለማይዘጋ ሙቀቱን የሚያስተላልፍበት ያጣና ይቃጠላል። ሽማግሌው ጸጥ ብለው ሰሙንና መፍቻውን ሰጡን። ከእኛ አንዱ ዳዶውን አለቅጥ አጥብቆ ጥርሱን በላው። ያን ጊዜ፥ «ልጄ፥ ዓይንህ ተምሯል፤ እጅህ ግን ገና ፊደል አልቈጠረም» አሉት።

አፈርን፤ ነገር ግን ሥራው አልቀረም። እርሳቸው ከአሮጌ ዕቃ ማስቀመጫቸው ሌላ ዳዶ አወጡ፤ እኛ ስስ የብረት መለኪያውን ያዝን፤ በሞተሩ መመሪያ መሠረት ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት እያንዳንዱን ክፍተት 0.10 ሚሊ ሜትር አደረግነው። ሞተሩ ሲነሣ በስሱ ተንኳኳ። «ያው ነው እኮ» አሉ። ይህች ትንሽ ድምፅ የጤናው ምልክት መሆንዋን አስረዳናቸው፤ ጥቂት ካዳመጡ በኋላም ኮፈኑን ዘጉ።

በአሜሪካ ጆን ሚዩር የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1969 የቮልስዋገን መጠገኛ መጽሐፍ አሳትሞ፥ ምንም ለማያውቅ ሰው ሥራውን ደረጃ በደረጃ በተራ አነጋገር ገልጾ ነበር። የእርሱ ጥበብ እጅ የሚያውቀውን በፊደል ማስፈሩ ነው። እኛ ያየናቸው ባለቤት ግን መጽሐፋቸው ጎረቤታቸው ነበር፤ ያም ጎረቤት ዛሬ በሕይወት የለም።

ከዚህ የምንደርስበት ፍርድ የሚከተለው ነው። የግቢ ጥገና ከመኪናው ቀላልነት፥ ከከተማይቱ አየርና ከባለቤቱ ብልሃት የተወለደ የራሳችን ጥበበ እድ ነው። ጕድለቱ የባለእጁ አላዋቂነት ብቻ አይደለም፤ የተማረው ሰው ከባለእጁ መራቅም ነው። በ1900 ዓ.ም. ዐዋጁ መስደብን ከለከለ፤ ቀርቦ መማርን ግን ዐዋጅ ሊያመጣው አይችልም። ስለዚህ ባልንጀሮቻችን ተማሪዎች በየሰፈራቸው ያሉትን አሮጌ ጠጋኞች ሄደው እንዲጠይቁ፥ ቃላቸውንና አሠራራቸውንም እንዲጽፉ እናሳስባለን። ሲሄዱም መፍቻውን ተቀብለው ይሞክሩ።