ሰነድ አልባው ቺፕ፦ ከሊኑክስ ድራይቨሮች ታሪክ



ታሪኬን ከአንድ ቁጥር ልጀምር፤ 197። ኤልኤም78 የተባለው የናሽናል ሴሚኮንዳክተር ቺፕ የማዘርቦርድን ቮልቴጅ ለክቶ ይህን ቁጥር ቢሰጠን ምን ማለት ነው? የቺፑ አንድ እርከን 16 ሚሊቮልት በመሆኑ 3.15 ቮልት ገደማ ማለት ነው። ነገር ግን ቺፑ መለካት የሚችለው እስከ 4 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የማዘርቦርዱ ሠሪ የ12 ቮልቱን መስመር በሁለት ሬዚስተሮች ዝቅ አድርጎ ያቀርብለታል። ሬዚስተሮቹ 28 እና 10 ኪሎ ኦም ከሆኑ ንባቡ በ3.8 ተባዝቶ 11.98 ቮልት ይሆናል። ሠሪው ሌሎች ሬዚስተሮችን ከመረጠስ? ይህን ቺፑም ድራይቨሩም ሊያውቁት አይችሉም።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ኤልኤም ሴንሰርስ በተባለው ፕሮጀክት የተሰባሰቡት ፕሮግራመሮች ስሌቱን ከድራይቨሩ አውጥተው፣ ተጠቃሚው ሊያርመው በሚችል ፋይል ውስጥ አኖሩት። ከውሳኔዎቻቸው ሁሉ እጅግ ብልህ የምለው ይህንን ነው። የማያውቁትን ነገር እንደሚያውቁ አድርገው በኮድ አላሠፈሩም።

የአሱስ ኤኤስ99127ኤፍ ግን የባሰ ነበር፤ ኩባንያው የቴክኒክ ሰነዱን ለሕዝብ አላወጣም። ፕሮግራመሮቹ ቺፑ ከዊንቦንድ ቺፖች ጋር ያለውን ተመሳሳይነት ይዘው፣ የቀረውን ከራሱ ከቺፑ ምላሽ ለመረዳት ተገደዱ።

ከሁሉ አስቸጋሪው ግን ቺፑን መለየት ነበር። ፊሊፕስ በ1982 ባበጀው አይቱሲ መስመር ላይ ቺፖች በ7 ቢት አድራሻ ይጠራሉ እንጂ ማንነታቸውን እንዲናገሩ የሚያስገድድ ሕግ የለም። ኤልኤም75 መለያ ሬጅስተር እንኳ የለውም። ስለዚህ መርማሪው ፕሮግራም በየአድራሻው እያንኳኳ ከምላሹ ይገምታል። (ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ እኔም በመጀመሪያ ስቄ ነበር።)

በአንዳንድ የአይቢኤም ቲንክፓድ ላፕቶፖች ውስጥ ግን 24አርኤፍ08 የተባለ የማስታወሻ ቺፕ ነበር። ሌሎች ቺፖችን የማይጎዳው ማንኳኳት የዚህን ቺፕ ይዘት ያበላሽ ነበር። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ አይነሣም። ባለቤቱ የፈለገው የማሽኑን ሙቀት ማወቅ ብቻ ነበር!

ጥፋቱ የማን ነው? የፕሮግራመሮቹን ድርሻ አልክድም፤ በማያውቁት በር ላይ አንኳኩተዋል። ይሁንና በሩ ላይ ምልክት ያላኖረውም ከተጠያቂነት አያመልጥም። ፕሮግራመሮቹ በበኩላቸው የመስመሩ ድራይቨር የአይቢኤም ማሽን መሆኑን ሲያይ የማስታወሻ ቺፑ ሊበላሽ እንደሚችል አስጠንቅቆ አልጫንም እንዲል አደረጉ።