ቀዩ የማን ነው?

አጋርፋ ላይ ስንዴ ሲደርስ ያየ ሰው በቫን ጎግ ቢጫ ብዙም አይደነቅም። እኔን ያስገረመኝ የጓደኛው የፖል ጎጋን ቀይ ነው። በ1888 እ.ኤ.አ. በሳለው «ከስብከቱ በኋላ የታየ ራእይ» መሬቱን ቀይ ቀባው፤ ቀለሙ ወጥ፣ ምስሉ በጥቁር መስመር የተከበበ። ታዲያ ይሄ የቤተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይ አልነበረም እንዴ? (ከኛ ኮረጀ አላልኩም!)

ገብረክርስቶስ ደስታ ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ በ1963 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ኤግዚቢሽን ሲያሳይ፣ ረቂቅ ሥዕሉን ባዕድ ነው ያሉት ነበሩ። የዚያን ዓመት ሥራውን «ጎልጎታ»ን እዩት፤ ስቅለቱን የሚናገረው ፊት ሳይሆን ቀዩ ነው። ሐረር ያሳደጉት አባቱ አለቃ ደስታ ደግሞ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። ቀለምን መጀመሪያ ያየው ኮሎኝ ሳይሆን እቤቱ ነው።