ፉከራ፣ ሙሾና የወታደር ሞት

ፉከራ የገዳይ ነው፤ ሙሾ የሟች ነው። ፎካሪው የጣለውን ይቆጥራል፤ አልቃሿ የጎደለውን በስሙ ትጠራለች። ነገር ግን ያ ሰው እንዴት ሆኖ ሞተ? ይህን ሁለቱም እምብዛም አይነግሩንም።

ጥያቄውን ፊት ለፊት ከመለሱት ባለቅኔዎች አንዱ እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ኦወን ነው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1914 ሲጀመር እንደ ሩፐርት ብሩክ ያሉ ገጣሚያን ለአገር መሞትን አስውበው ጻፉ። ኦወን ግን በ1917 ፈረንሳይ ውስጥ ምሽግ ለምሽግ ተንከራትቶ፣ አእምሮው ታውኮ ኤዲንብራ አጠገብ ሆስፒታል ገባ። እዚያም ከገጣሚው ሲግፍሪድ ሳሱን ጋር ተዋወቀ። ዛሬ የሚታወቅባቸውን ግጥሞች አብዛኞቹን የጻፈው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከሁሉ በታወቀው ግጥሙ ወታደሮቹ ጎብጠው ያዘግማሉ። ድንገት የመርዝ ጋዝ ይመጣል፤ አንዱ ጭምብሉን ሳያጠልቅ ይቀራል። ገጣሚው «ወደቀ» ብሎ አያልፈውም። ደሙ ከተበላሸው ሳንባው ሲወጣ እያሳየ አንባቢውን ሬሳው ከተጣለበት ጋሪ ኋላ ያስከትለዋል። በመጨረሻም ሮማዊው ሆራስ ለአገር መሞትን ያወደሰበትን፣ ለልጆች ይነገር የነበረውን ቃል ውሸት ይለዋል። ይህ ወቀሳ እኛን መምህራንንም ይነካል፤ ቃሉ በየትምህርት ቤቱ ይጠና ነበርና።

ጋዝ ለእኛም የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1925 የጄኔቫ ውል ጋዝን በጦርነት ከልክሎ ሳለ፣ የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች በ1928 ዓ.ም. በወገኖቻችን ላይ የሰናፍጭ ጋዝ አዝንበዋል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር ይህንኑ ተናግረዋል። የዚያን ዘመን ፉከራ በቃሉ የሚወጣ ተማሪ ቆዳው ተልጦ የሞተውን የአንዱን ባላገር አሟሟት ያውቃልን?

ኦወን ወደ ግንባር ተመልሶ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1918 በ25 ዓመቱ ተገደለ። ጦርነቱ ሊቆም አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። የመርዶው ቴሌግራም ለወላጆቹ የደረሰው ኖቬምበር 11፣ የሰላሙ ደወል በሚደወልበት ዕለት ነው። ግጥሞቹ በመጽሐፍ የታተሙት በ1920 ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በመጠለያ ሰፈር መርዶ እንጂ ሬሳ ያልደረሳት እናት ብዙ ናት። ስለ ልጇ የምንጽፍ ከሆነ «ጀግና ነበር» ብለን ብቻ አንለፈው። ውሃ እንደ ጠማው፣ እንደ ፈራ፣ እርሷንም እንደ ጠራ እንጻፍ። ሰው መሆኑን ያላሳየ ግጥም ሞቱን ለሚቀጥለው ዘመቻ መቀስቀሻ ያደርገዋል።