ሳይፈጸም የቀረው የሜክሲኮ ፊልም

ጀምሮ ያልጨረሰ ሰው በየትም አገር ይነቀፋል። ጣራ ያልለበሰ ቤት ዝናብ አያስጥልም፤ ጅምር ድልድይም መንገደኛ አያሻግርም። በሥነ ጥበብ ዘንድ ግን ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ሲኒማ ገና ለጋ በነበረበት ዘመን ፍጻሜ ሳያገኝ የቀረ፥ ነገር ግን ከተፈጸሙት ከብዙዎቹ ይልቅ የተመልካችን ዓይን የማረከ አንድ ሥራ አለ፤ ይኸውም ሩሲያዊው ሰርጌይ አይዘንስታይን በሜክሲኮ ያነሣው ፊልም ነው።

አይዘንስታይን በ1925 በሠራው «የጦር መርከብ ፖተምኪን» ስሙ በዓለም ከታወቀ በኋላ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ1930 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በሆሊውድ ያቀረባቸው ሐሳቦች ተቀባይነት ስላጡ፥ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከፎቶግራፍ አንሺው ከኤድዋርድ ቲሴና ከረዳቱ ከአሌክሳንድሮቭ ጋር ሜክሲኮ ገባ። ገንዘቡን ያቀረቡት ደራሲው አፕተን ሲንክሌርና ባለቤቱ ነበሩ። ውሉ 25 ሺህ ዶላርና ጥቂት ወራት የሚል ሲሆን፥ ሥራው ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ፤ የተነሣውም ፊልም ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ረዘመ። በ1931 መጨረሻ ስታሊን ለሲንክሌር በላከው ቴሌግራም አይዘንስታይን አገሩን እንደ ከዳ እየተቆጠረ መሆኑን ገለጸ። በ1932 መጀመሪያ ሥራው ቆመ።

ከተነሣው ውስጥ ጥቂቱን እንመልከት። በዩካታን የጥንት ማያዎች በድንጋይ የቀረጹት ፊትና የዘመኑ ገበሬ ፊት ጎን ለጎን ይታያሉ፤ አፍንጫው ያው፥ ግንባሩ ያው ነው። በአንድ ሰፊ ርስት ላይ፥ የእኛን ቃጫ በሚመስል ማጌይ በሚባል ተክል መካከል፥ ጭሰኞች ጭማቂውን በረጅም ቅል እየመጠጡ ሲያወጡ ይታያል፤ ከዚያም የሚያሰክር መጠጥ ይጠመቅበታል። በጌታቸው ላይ የተነሡት ጭሰኞች እስከ ትከሻቸው ተቀብረው በፈረስ ይረገጣሉ። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው፤ ደመናውም ያምራል። ግፍ በዚህ ያህል ውበት ሊታይ ይገባልን? ብዬ መጠየቄ አልቀረም።

አንዱ ክፍል ከቶ አልተነሣም፤ እርሱም በአብዮቱ ጊዜ ስንቅ ተሸክመው፥ ልጅ አዝለው ወታደሩን ተከትለው ስለ ዘመቱ ሴቶች የታሰበው ነው። የእናቶቹን የዘመቻ ታሪክ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ከሁሉ ይልቅ ለማየት የሚጓጓው ይህን ነበር።

አይዘንስታይን ፊልሙን አቀናብሮ ለመፈጸም ሳይታደል በ1948 ዐረፈ። ሌሎች ግን በ1933፥ ኋላም በ1939፥ በመጨረሻም አሌክሳንድሮቭ ራሱ በ1979 እየቆራረጡ የየራሳቸውን ፊልም አወጡ። ሥዕሉ ያው የእርሱ ሆኖ ሳለ፥ በእነዚህ ሁሉ የእርሱ እስትንፋስ አይሰማም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አይዘንስታይን ያስተምር የነበረው፥ አንድ ሥዕል ብቻውን እንደ ፊደል ነው፥ ትርጉም የሚወለደው ሥዕል ከሥዕል ሲጋጭ ነው ብሎ ነበር። እንግዲህ እኛ የሜክሲኮውን ፊልም ስንወድ ፊደሉን እንጂ ቃሉን አይደለም የምንወደው። ይህም ፍቅር ጥቂት ስንፍና አለበት፤ ያልተፈጸመ ሥራ አይሳሳትም፥ ጉድለቱንም ሁሉ ተመልካች በገዛ ምኞቱ ይሞላዋል። እኔ በበኩሌ የምመርጠው የኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ክምችቱን ከተረከበ በኋላ በ1950ዎቹ ጄይ ሌይዳ ለጥናት ያሰናዳውን ነው። አራት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ሲሆን፥ ያው አንድ እንቅስቃሴ እስኪሰምር ድረስ ደጋግሞ ሲነሣ ይታይበታል። እዚያ ሠሪው ሲደክም እናያለን።

የመጨረሻው ክፍል የሙታን መታሰቢያ በዓል ነው። ሕዝቡ የራስ ቅል ጭንብል አጥልቆ ይጨፍራል። ጭንብሉ ሲወልቅ ከጌቶቹ ሥር እውነተኛ የራስ ቅል ይወጣል፤ ከሠራተኞቹ ሥር ሕያው ፊት። አይዘንስታይን መዝጊያ እንዲሆን ያሰበው ጭንብሉን አውልቆ የሚስቅ አንድ ትንሽ ልጅ ነበር። ልጁ ተነሥቶአል፤ ዛሬም ይስቃል።