ትናንሽ አይሮፕላኖች ስለ ምን ይወድቃሉ?

አይሮፕላን ወደቀ የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ሞተሩ ምን ሆነ?» ብሎ ነው። ጥያቄው የሚነቀፍ አይደለም፤ መኪና ከመንገድ ላይ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ሞተሩ ስለ ሆነ የአየሩንም ጉዞ በዚያው እንለካዋለን። ነገር ግን አራት ወይም ስድስት ሰው የሚይዙት ትናንሽ አይሮፕላኖች የደረሰባቸው አደጋ ሲመረመር፤ ሞተሩ ደኅና ሆኖ፤ ነዳጁም ሳያልቅ፤ ክንፉም ሳይሰበር ከመሬት ጋር የተላተሙ ብዙ ይገኛሉ። ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል በታሪክ አስደግፌ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዓመቶቹን የጻፍሁት፤ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፤ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

ወደ አገራችን አይሮፕላን መጀመሪያ የመጣው በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም 1929 መሆኑ ነው። አንድሬ ማዬ የተባለው ፈረንሳዊ ፖቴዝ የምትባለውን አይሮፕላን እየነዳ አዲስ አበባ አረፈ። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አደጋም ተከተለ። በ1923 ዓ.ም. መጀመሪያ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዝግጅት ሲደረግ፤ በትሪኒዳድ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረውና «የሃርለም ጥቁር ንስር» እየተባለ የሚጠራው ሁበርት ጁልያን፤ ለንጉሠ ነገሥቱ በስጦታ የመጣችውን ጂፕሲ ሞዝ የተባለች ትንሽ አይሮፕላን አስነሥቶ ከባሕር ዛፍ ላይ ጣላት። እርሱ ተረፈ፤ አይሮፕላኒቱ ግን ተሰበረች። ጁልያን «ተንኮል ተሠርቶብኛል» አለ፤ ሌሎች ደግሞ «ሳይችል ነው የነዳት» አሉ፤ ነገሩም እስከ ዛሬ በሁለት አፍ ይተረካል። የአንድን አደጋ ምክንያት በእርግጥ ለመናገር ግን ፍርስራሹን የሚለካና ምስክሮችን የሚጠይቅ መርማሪ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የማመጣው ምርመራው ተሟልቶ የተጻፈለትን አንድ አደጋ ነው።

በየካቲት 3 ቀን 1959 በአሜሪካ፤ አዮዋ በሚባለው ክፍለ አገር፤ ባዲ ሆሊ የተባለው ስመ ጥር ዘፋኝ ክሊር ሌክ በተባለች ከተማ ዘፈኑን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ከተማ ለመሄድ አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ተከራየ። ዘፋኞቹ በክረምቱ ብርድ የሚጓዙበት አውቶቡስ ማሞቂያው ተበላሽቶ ስለ ነበረ አይሮፕላኑ የተሻለ መስሎ ታያቸው። ሆሊ የ22 ዓመት ጐልማሳ ነበረ። አብሮት የተሳፈረው ሪቺ ቫሌንስ ገና 17 ዓመቱ ነው፤ ከእኛ መካከል የብዙዎቹ ዕድሜ ማለት ነው፤ ቦታውንም ያገኘው ከጓደኛው ጋር ሳንቲም ወርውሮ ዕጣው ስለ ወጣለት ነው። ሦስተኛው ተሳፋሪ የ28 ዓመቱ ጄ. ፒ. ሪቻርድሰን ነበረ፤ እርሱ ጉንፋን ይዞት ስለ ነበረ ሌላው ጓደኛው ቦታውን ለቀቀለት። ነጂውም የ21 ዓመት ወጣት ነው። አይሮፕላኒቱ ቢችክራፍት ቦናንዛ የምትባል ባለ አንድ ሞተር ነበረች።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሊሆን 5 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ከሜሰን ሲቲ አይሮፕላን ማረፊያ ተነሡ። ቀላል በረዶ ይጥል ነበረ፤ ነፋሱም ኃይለኛ ነበረ፤ ከሜዳው ወዲያ ያለውም አገር የእርሻ መሬት ስለ ሆነ መብራት እምብዛም አይታይበትም። የአይሮፕላኑ ባለቤት ከማረፊያው ሆኖ የጅራቱን መብራት ሲመለከት፤ አይሮፕላኑ ከፍ ካለ በኋላ ወደ ግራ ዞሮ ወደ ሰሜን ምዕራብ አመራ፤ ከዚያም መብራቱ ቀስ እያለ ዝቅ ዝቅ ሲል ከዓይኑ ተሰወረ። በራዲዮ ቢጠሩት መልስ የለም። በማግስቱ ከጧቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ባለቤቱ ራሱ በሌላ አይሮፕላን ፍለጋ ሲወጣ፤ ፍርስራሹን ከማረፊያው 8 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአንድ እርሻ ውስጥ አገኘው። አራቱም ሞተዋል።

መርማሪዎቹ ያገኙት ነገር እጅግ የሚያስደንቅ ነው። የፕሮፔለሩ አጐዳደል ሞተሩ እስከ መጨረሻይቱ ሴኮንድ ድረስ በሙሉ ደኅንነት ይሠራ እንደ ነበረ አስረዳ። አይሮፕላኑ መሬት የመታው በቀኝ ክንፉ ሲሆን፤ ፍጥነቱ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። ማንም ሰው እየወደቀ መሆኑን ቢያውቅ እንዲህ አድርጎ አይነዳም። ታዲያ ነጂው ወደ ላይ የሚወጣ መስሎት ወደ ታች ይወርድ ነበረ ማለት ነውን? ቦርዱ ይህ ሊሆን እንደሚችል ጽፏል።

ይህን ለመረዳት ወደ ጆሮአችን መመለስ ያስፈልጋል። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ ያለባቸው ሦስት ቀለበት መሰል ቱቦዎች አሉ፤ ራሳችን ሲዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀርና መዞራችንን ይነግረናል። ነገር ግን ዙሩ በአንድ ፍጥነት ሲቀጥል ፈሳሹም አብሮ ይዞራል፤ ያን ጊዜ ጆሮ «ቆመሃል» ይላል። በልጅነታችን ዓይናችንን ጨፍነን ስንሽከረከር ቆይተን ድንገት ስንቆም፤ ምድር ወደ ሌላው ወገን ስትዞር የሚሰማን ስለዚህ ነው። በምድር ላይ ዓይን ጆሮን ያርመዋል። በጨለማና በጉም ውስጥ ያለ ነጂ ግን የሚያርምለት አድማስ የለውም። ክንፉ በዝግታ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል አይሰማውም፤ አፍንጫው ይደፋል፤ ፍጥነቱ ይጨምራል። የነፋሱን ድምፅ ሰምቶ መሪውን ወደ ራሱ ይስባል፤ ክንፉ ዘንበል ብሎ ሳለ ይህን ማድረግ ደግሞ ዙሩን ያጠበዋል እንጂ አይሮፕላኑን አያነሣውም።

ይህን የጆሮ ማታለል ለነጂዎች አጥብቀው ካስተማሩት አንዱ ዊልያም ኦከር የተባለው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት አይሮፕላን ነጂ ነው። በ1926 አንድ ሐኪም በሚሽከረከር ወንበር ላይ አስቀምጦ ዓይኑን ሸፍኖ ሲፈትነው፤ ኦከር ወዴት እንደሚዞር በትክክል መናገር አቃተው። የብዙ ጊዜ ነጂ ስለ ሆነ ተበሳጨ፤ ነገር ግን በሐኪሙ ላይ ከመቈጣት ይልቅ ዙርን የሚያመለክት መሣሪያ በሣጥን ውስጥ አድርጎ ተመልሶ መጣ፤ መሣሪያውን እያየ ሲመልስም አልተሳሳተም። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ለእኔ የበለጠ ደስ የሚለኝ ይህ ነው።

ከዚያም መስከረም 24 ቀን 1929፤ ይኸውም ወደ አዲስ አበባ የመጀመሪያው አይሮፕላን ከገባ ሁለት ወር ሳይሞላ፤ ጂሚ ዱሊትል የተባለው መኰንን በኒው ዮርክ አጠገብ፤ የተቀመጠበት ክፍል በጨርቅ ተሸፍኖ ውጭውን ፈጽሞ ሳያይ፤ ተነሥቶ፤ ዞሮ አረፈ። ለክፉ ቀን የሚሆን ሌላ ነጂ ከፊቱ ተቀምጦ ነበር እንጂ መሪውን አልነካበትም። ዱሊትልን የመሩት መሣሪያዎች ከፍታን በትክክል የሚለካ አንድ መለኪያ፤ የራዲዮ ምልክትና ሰው ሠራሽ አድማስ ናቸው። ሰው ሠራሽ አድማስ የሚሠራው እንዝርት በሚሠራበት ሕግ ነው፤ እናቶቻችን ሲፈትሉ እንደምናየው በፍጥነት የሚሾር ነገር አቋሙን በቀላሉ አይለቅም፤ አይሮፕላኑ ቢያዘነብል እንኳ በውስጡ የሚሾረው ነገር ቀጥ እንዳለ ይቀራል።

እንግዲህ መሣሪያው ካለ ችግሩ ምንድር ነው? ማየትና ማመን መለያየታቸው ነው። በ1954 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በመሣሪያ መንዳት ያልተማሩ 20 ነጂዎችን፤ አስተማሪ ከጐናቸው አድርጎ፤ በቦናንዛ አይሮፕላን ላይ ውጭውን እንዳያዩ ከልሎ ፈተናቸው። ሁሉም አይሮፕላኑን መቈጣጠር አቃታቸው። ከሁሉም የቸኰለው በ20 ሴኮንድ፤ የዘገየው በ480 ሴኮንድ ሲሆን፤ አማካዩ 178 ሴኮንድ ነበረ፤ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በኋላ ግን መሣሪያውን እያመኑ ቀስ ብለው ዞረው ወደ መጡበት መመለስን ሲማሩ ሊወጡት ቻሉ።

የአዮዋው ወጣት ከ700 ሰዓት በላይ የነዳ ሲሆን፤ በመሣሪያ ለመንዳት የሚያበቃውን ፈተና በ1958 ወድቆ ነበረ። በዚያ ላይ በቦናንዛይቱ ውስጥ የነበረው የአድማስ መሣሪያ እርሱ ከተማረበት የተለየ ዓይነት ነው፤ አፍንጫው ሲነሣና ሲደፋ የሚያሳየው በተገላቢጦሽ ነበረ። ከመነሣቱ በፊት ስለ አየሩ ጠባይ ደጋግሞ ጠይቋል፤ ነገር ግን የወጡትን ሁለት ልዩ ማስጠንቀቂያዎች የነገረው ሰው አልነበረም። ቦርዱ ዋናውን ጥፋት በመሣሪያ ብቻ መንዳትን የሚጠይቅ ጉዞ ሳይበቃው በመነሣቱ ላይ አደረገ፤ የመሣሪያውን እንግድነትና የአየር ጠባዩን ነገራ ጐደሎነት ግን ሳይጽፍ አላለፈም። ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሙት ወጣት ላይ ጭኖ መዝገቡን መዝጋት ይቀል ነበረ፤ ያን አለማድረጉ ያስመሰግነዋል።

ሕዝቡ ግን በዚህ አልረካም። በእርሻው ውስጥ የሆሊ ሽጉጥ ስለ ተገኘ «በአየር ላይ ተኩስ ነበረ» የሚል ወሬ ለብዙ ዓመት ሲነገር ኖረ። በመጨረሻው በ2007 በልጁ ፈቃድ የሪቻርድሰን አስከሬን ወጥቶ ሲመረመር የጥይት ምልክት አልተገኘበትም።

የትናንሽ አይሮፕላኖች አደጋ ምክንያት ይህ ብቻ ነው አላልሁም። በ1997 ጆን ዴንቨር የተባለው ዘፋኝ በካሊፎርኒያ ባሕር ዳር የወደቀው፤ ጥቂት ነዳጅ ይዞ ተነሥቶ፤ ነዳጁን ከአንዱ ጋን ወደ ሌላው የሚያዞረው እጀታ ከግራ ትከሻው በስተኋላ ስለ ነበረ፤ ወደዚያ ዞሮ ሲታገል ነው። በነዳጅ ማለቅ፤ ከመጠን በላይ በመጫን፤ ዝቅ ብሎ በመብረር የጠፉም አሉ።

የጆሮው ማታለል ግን በአዲስ መሣሪያ ብዛት አልቀረም። ሐምሌ 16 ቀን 1999 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ጆን፤ ሚስቱንና እኅቷን ይዞ፤ ፓይፐር ሳራቶጋ በምትባል አይሮፕላን ከኒው ጀርዚ ወደ ማርታስ ቪንያርድ ደሴት በምሽት ተነሣ። በመሣሪያ ለመንዳት ፈቃድ አልነበረውም። አይሮፕላኒቱ ራሷን የምትነዳበት መሣሪያ ነበራት፤ በምርመራውም ከመውደቋ በፊት የተበላሸ ነገር አልተገኘባትም። በጭጋጉ ውስጥ፤ በጨለማው ባሕር ላይ፤ እንደ አዮዋይቱ አይሮፕላን ወደ ቀኝ እየዞረች ወርዳ ሦስቱም ሞቱ። በዚያው ምሽት በዚያው ሰማይ ያለፈ አንድ ሌላ ነጂ ለመርማሪዎቹ ሲመሰክር፤ ወደ ደሴቲቱ ቢመለከት አንዳችም መብራት ስላላየ፤ ኤሌክትሪክ የጠፋባት መስሎት እንደ ነበረ ተናግሯል።