ክተት ለማለት የማን ፈቃድ ያሻል?

በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ29ኛው አንቀጹ ስለ ጦርነት ሁለት ነገር ይናገራል። አስቀድሞ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጦርነት የሚያውጁት በፓርላማው ምክርና ፈቃድ እንደ ሆነ ይደነግጋል። ዝቅ ብሎ ግን፣ አገርን አደጋ በሚያሰጋት ጊዜ የአስቸኳይ ጊዜንና የጦር ሕግን ማወጅ የጠቅላይ አዛዡ የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን መሆኑን ሲገልጥ የፓርላማውን ፈቃድ አያነሣም። እንግዲህ ይህ አንቀጽ ሁለት በር አለው፤ በፊተኛው በር ዘበኛ ቆሞበታል፤ ሁለተኛው ወለል ብሎ ተከፍቷል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፣ በእኛም አገር ሆነ በአሜሪካ፣ መሪዎች በየትኛው በር ማለፍን እንደ መረጡ ነው።

የፈቃድ ነገር ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ሐሳብ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ክተት ባወጁ ጊዜ ሥልጣናቸውን የሚወስን የተጻፈ ሕግ አልነበረም። ነገር ግን ሠራዊቱ ሁሉ የእርሳቸው ብቻ አልነበረም። ራስ መኰንን ከሐረርጌ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከጎጃም፣ ራስ ሚካኤል ከወሎ፣ ራስ መንገሻ ዮሐንስ ከትግራይ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጦር ይዘው ነው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ የተሰለፉት። ነገሩ በልቡ ያልገባ መኰንን ቢያመነታ ወይም በመንገድ ቢዘገይ የነጋሪቱ ድምፅ ከጩኸት አያልፍም ነበር። ስለዚህ ንጉሡ ከመዝመታቸው በፊት ማስረዳት፣ ማስታረቅ፣ መታገሥም ነበረባቸው። የውጫሌ ውል የተፈረመው በ1881 ዓ.ም. ነው፤ በ17ኛው አንቀጽ ምክንያት እቴጌ ጣይቱ ባሉበት ከአንቶኔሊ ጋራ የከረረ ክርክር የተደረገው በ1883 ዓ.ም. ነው፤ ውሉ መፍረሱ ለአውሮፓ መንግሥታት የተገለጠው በ1885 ዓ.ም. ነው። ከውሉ እስከ ክተቱ ከ6 ዓመት በላይ ሄደ። በዚያ ዘመን ፈቃድ በድምፅ ብልጫ አይቆጠርም፤ በመጣው ፈረሰኛና እግረኛ ይቆጠር ነበር። እዚህ ልደታ ያለው ሆስፒታል በስማቸው የሚጠራው ደጃዝማች ባልቻ በመድፈኛነት ዝናቸውን ያተረፉት በዚህ ዘመቻ ነው። ለእውነት እንናገር ካልን ግን፣ ስንቁን ተሸክሞ የሚከተለውንና በመንገዱ ያለው እህሉ የሚበላበትን ባላገር ፈቃዱን የጠየቀው ማንም አልነበረም።

በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሲወጣ ጦርነት የማወጅና ሰላም የማድረግ መብት ለንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ተሰጠ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኢጣሊያ ወረራ በተቃረበ ጊዜ፣ ሐምሌ 11 ቀን 1927 ዓ.ም. በፓርላማ ተገኝተው ንግግር አድርገዋል፤ ሕጉ ግን የፓርላማውን ፈቃድ ይጠይቁ ዘንድ አላስገደዳቸውም። በዚያው ጦርነት መጨረሻ፣ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጄኔቭ ይሂዱ ወይስ እዚሁ ይዋጉ በሚለው ነገር መኳንንቱ በምክር ተቀመጡ። 21 ለ3 በሆነ ድምፅ ይሂዱ ተባለ። መሄዳቸውን አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ነበሩ። በዘመኑ ከሕግ ይልቅ የችግር ጊዜ ምክርን እንዳስገደደ ከዚህ ይታያል።

ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩ ከሥሩ ተለወጠ። የየመኳንንቱ ጦር ቀርቶ ደመወዙን ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚቀበል መደበኛ ሠራዊት ቆመ። ይህ ለአገር አንድነት ታላቅ እርምጃ መሆኑን ማንም አይክድም። ሆኖም ከጦሩ ጋራ የጥንቱ ልጓም አብሮ ወለቀ፤ ንጉሡ እንደ ዐፄ ምኒልክ ራሶችን ማግባባት አላስፈለጋቸውም፤ አንድ ትእዛዝ በቂ ሆነ።

የዚህ ለውጥ ትልቁ ምስክር የኮሪያ ዘመቻ ነው። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ፣ በራስ መኰንን የፈረስ ስም ተሰይሞ፣ በምድር ባቡር እስከ ጅቡቲ ከዚያም በመርከብ ወደ ኮሪያ ሄደ፤ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥርም ተሰለፈ። የንጉሠ ነገሥቱን ምክንያት በቀላሉ መናቅ አይገባም። በ1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ቆመው የጋራ ጸጥታ ቃል ይከበርልን ብለው ጠይቀው ያጡ መሪ፣ ያ ቃል በሌላ ሕዝብ ላይ ሲፈተን ዝም ማለት አልቻሉም። ይሁን እንጂ ከዘማቾቹ ከ120 የማያንሱ ከሞቱበት ከዚህ ዘመቻ በፊት ውሳኔው የአንድ ሰው ነበር፤ የ1923ቱ ሕግም ይህን ይፈቅድ ነበር።

የሚያስደንቀው፣ የተሻለ ሕግ በነበራት በአሜሪካም ነገሩ እምብዛም ያልተለየ መሆኑ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ጦርነት የማወጅን ሥልጣን ለኮንግረስ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1787 በፊላደልፊያ የተሰበሰቡት አርቃቂዎች አስቀድመው ኮንግረስ ጦርነት «ያደርጋል» ብለው ጽፈው ነበር፤ ከተከራከሩ በኋላ «ያውጃል» በሚለው ለወጡት። ይህንም ያደረጉት፣ ድንገት ለሚመጣ ጠላት ፕሬዚዳንቱ እጁ ታስሮ እንዳይጠብቅ በማሰብ ነው። ሁለተኛው በር የተከፈተው እንግዲህ በአንዲት ግሥ ነው። ፕሬዚዳንት ትሩማን እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ ኮሪያ ጦር ሲያዝዙ ኮንግረስን ጦርነት እንዲያውጅ አልጠየቁም፤ ጋዜጠኞች ይህ የፖሊስ እርምጃ ሊባል ይችላልን ብለው ቢጠይቋቸው አዎን አሉ። ሴናተር ሮበርት ታፍት ፕሬዚዳንቱ ለዚህ ሕጋዊ ሥልጣን የላቸውም ብለው ተከራከሩ፤ የመንግሥቱ መልስ የተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ አለን የሚል ነበር። በዚህ ምክንያት ከአዲስ አበባ የሄደው ወታደርና ከአሜሪካ የመጣው ወታደር ያን ኮረብታ ጎን ለጎን ሲወጡ የሁለቱም አገር ምክር ቤት ጦርነት አላወጀም ነበር። አሜሪካ በሕጓ መሠረት ጦርነት ለመጨረሻ ጊዜ ያወጀችው እ.ኤ.አ. በ1942 በቡልጋሪያ፣ በሀንጋሪና በሮማኒያ ላይ ነው።

ወደ 29ኛው አንቀጽ እንመለስ። የ1948ቱ ሕግ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች በሕዝብ እንዲመረጡ ስላደረገ የፈቃዱ ቃል ትርጉም ሊያገኝ ይችል ነበር፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባሎች ግን የሚሾሙት በንጉሠ ነገሥቱ ነው። የኤርትራ ጉዳይ ሲመጣ የተፈተነው የፊተኛው በር አልሆነም። በ1953 ዓ.ም. የተጀመረውን የጦር መሣሪያ ትግል መንግሥት ሽፍትነት እያለ ይጠራው ነበር፤ ሽፍታን ለመያዝ ደግሞ የጦርነት አዋጅ አያሻም። በታኅሣሥ 1963 ዓ.ም. በአብዛኛው የኤርትራ ክፍል የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። 30 ዓመት የፈጀው ውጊያ በስሙ ምክንያት ብቻ በዘበኛው አጠገብ ሳያልፍ ቀረ። ስለ ደርግ ዘመን ብዙ የምንለው የለንም፤ በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ሕገ መንግሥቱ ከታገደ፣ ፓርላማውም ከተዘጋ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አልፎ ነበርና በር የሚባል ነገር አልነበረም።

አሜሪካውያን ከቬትናም በኋላ ሁለተኛውን በር ለመጠበቅ ሞከሩ። እ.ኤ.አ. በ1973 ኮንግረስ፣ የፕሬዚዳንት ኒክሰንን ተቃውሞ ሽሮ ባጸደቀው ሕግ፣ ፕሬዚዳንቱ ጦር ወደ ውጊያ ባስገባ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ፣ ኮንግረስ ካልፈቀደም በ60 ቀን ውጊያውን እንዲያቆም አዘዘ። ከዚያ ወዲህ የተነሡ ፕሬዚዳንቶች ሕጉ ሥልጣናችንን ይነካል እያሉ ሲከራከሩበት ኖረዋል።

በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው የእኛ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 55 የጦርነት አዋጅን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጠ፤ ረቂቁን የሚያቀርበው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። በአንቀጽ 93 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜን አዋጅ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣዋል፤ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ በዕረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ ቀርቦለት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መጽደቅ አለበት። የሰዓቱ ቁጥር ከአሜሪካኑ ጋራ አንድ መሆኑን አንባብያን ሳያስተውሉት አይቀሩም። ልዩነቱ ግን የአሜሪካኑ ሕግ የሚቆጥረው ወታደሩ ውጊያ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ሲሆን፣ የእኛው የሚቆጥረው አዋጁን ተከትሎ መሆኑ ነው። እንደ ቃኘው ያለ፣ ጦርነትም አስቸኳይ ጊዜም ያልተባለ ዘመቻ ቢነሣ ከሁለቱ አንቀጾች በየትኛው ሊገዛ ነው? ይህን ጥያቄ የሕግ ተማሪዎች ቢከራከሩበት ደስ ይለናል።