ሲገደፍ የሚተርፈው፦ ከባሕረ ሐሳብ እስከ ፓይተን

በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ውስጥ ይኖር የነበረው ቶለሚ በከዋክብት መጽሐፉ ውስጥ አንድ ሠንጠረዥ አሰፈረ። በክብ ውስጥ የሚሰመሩ አውታሮችን ርዝመት በየግማሽ ዲግሪው አስልቶ ያስቀመጠበት ነው። ዛሬ ጀማሪ ፕሮግራመር «ሳይን» ብሎ ጽፎ በቅንፍ ውስጥ ቁጥር ሲያስገባ የሚጠራው ፈንክሽን ቅድመ አያቱ ይህ ሠንጠረዥ ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የዚያችው ከተማ ሊቀ ጳጳስ የሆነው ድሜጥሮስ ደግሞ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት የዘመን ቆጠራው ስሌት፣ የባሕረ ሐሳብ ባለቤት ነው። አንዱ ስሌት በአረቦችና በሕንዶች፣ በኋላም በአውሮፓውያን እጅ ዞሮ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ሌላው በግእዝ ተጽፎ ከደብር ደብር፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እየተላለፈ እኛ ዘንድ ቆየ።

ባሕረ ሐሳብን ለፕሮግራሚንግ ጀማሪ ከማስተማር የተሻለ መግቢያ አላውቅም። 2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለ4 ተካፍሎ ትርፉ ሲጣል 1879 ይገኛል፤ መጠነ ራብዒት የሚባለው ነው። ሁለቱ ተደምረው 9397 በ7 ሲገደፍ፣ ማለትም ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ፣ 3 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ ስለሆነ 3 ሐሙስ ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2018ም ሐሙስ ዋለ። እንደገና 7518 በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስለት ወንበር የሚባለው 12 ይገኛል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ የሚባለው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ የሚባለው 18 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 መምጣታቸው ሊቃውንቱ ስሌታቸውን የሚፈትሹበት መንገድ ነው። ተማሪው ይህን በፕሮግራም ሲጽፍ ከመደመር፣ ከመቀነስ፣ ከማባዛትና ከማካፈል ሌላ የተጠቀመው ትርፍ የሚጥለውን ፍሎርንና የቀሪ ምልክቱን ብቻ ነው።

ፕሮግራሙ እስከ 2023 ዓ.ም. ድረስ ላሉት ቀጣይ ዓመታት ትክክለኛ መልስ ይሰጣል። 2024 ላይ ግን ይሰናከላል። የዚያ ዓመት ዓመተ ዓለም 7524 በ19 ሲገደፍ ምንም አይተርፍም፤ ከዜሮ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ ከዜሮ በታች ይወርዳል። የጥንቱ ሥርዓት ለዚህ መልስ አለው፦ ሳይተርፍ ሲቀር 19ኙ እንዳለ ይያዝና ወንበሩ 18 ይሆናል። ተማሪው ውጤቱን እንደገና በ19 ልግደፈው ቢል ፓይተን 18 ይለዋል፤ ሲ ፕላስ ፕላስ ግን ከዜሮ በታች አንድ ይመልስለታል። የቀሪ ምልክቱ በሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ዓይነት ነው፤ ከኋላው ያለው ውሳኔ ግን ይለያያል። ብዙ የሀገራችን ተማሪዎች ፕሮግራሚንግን በሲ ፕላስ ፕላስ ጀምረው በኋላ ወደ ፓይተን ስለሚሻገሩ ይህን ልዩነት አስቀድመው ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል።

የሌላኛው መንገድ፣ የቶለሚ ሠንጠረዥ፣ ታሪክ ፈጣን ነው። ሕንዳዊው አርያብሃታ እ.ኤ.አ. በ499 የሳይን ዋጋዎችን አሰፈረ። ስኮትላንዳዊው ኔፒየር በ1614 ሎጋሪዝምን አሳተመ። ከዚያ በኋላ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል ማባዛትን በመደመር የሚተኩት ሠንጠረዦች የመርከበኛውም የመሐንዲሱም መሣሪያ ሆኑ። እኛም ጋ በሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መጻሕፍት ጀርባ ላይ ታትመው ትውልድ አስተምረዋል። በ1949 ሥራ የጀመረው የኬምብሪጁ ኤድሳክ ኮምፒውተር ባለሙያዎች ተደጋጋሚ ስሌቶችን አንድ ጊዜ ጽፈው በጋራ ማስቀመጥ ያዙ፤ በ1951 ስለዚሁ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1957 ፎርትራን፣ በ1964 ደግሞ ለጀማሪዎች ታስቦ የተሠራው ቤዚክ እነዚህን ስሌቶች የቋንቋው አካል አደረጓቸው። በ1980 ኢንቴል 8087 የተባለውን ቺፕ አውጥቶ ሥራውን ከሶፍትዌር ወደ ሃርድዌር አወረደው።

ሠንጠረዡ ሲጠፋ አንድ ነገር አብሮ ተሸፈነ። ሠንጠረዥ ርዕሱ ላይ ዲግሪ መሆኑን፣ መሠረቱ 10 መሆኑን ይናገር ነበር። ፈንክሽኑ ዝም ብሎ ቁጥር ይሰጣል። የሠላሳ ዲግሪ ሳይን ግማሽ መሆኑን የሚያውቅ ተማሪ 30ን ቢያስገባ ከዜሮ በታች 0.988 ይመጣለታል፤ ማሽኑ የሚቆጥረው በራዲያን ነውና። «ሎግ» በአብዛኞቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች፣ ተማሪው ትምህርት ቤት የለመደው የ10 ሎጋሪዝም ሳይሆን ተፈጥሯዊው ነው። 2.5ን ራውንድ አድርግ ቢባል ሲ ፕላስ ፕላስ 3 ይላል፤ ፓይተን 2 ይላል፣ እኩል መሐል ላይ ሲሆን ወደ ተጋማሹ ሙሉ ቁጥር ያዘነብላልና። እነዚህን እንደ ትንንሽ ነገር የሚያልፍ መምህር ትክክል አይመስለኝም።

ስምጥ ሸለቆ ላይ የምትገኘው አዳማ ለዚህ ትምህርት የተፈጠረች ናት። እ.ኤ.አ. በ1993 በቴክኒክ ኮሌጅነት የጀመረው የዛሬው አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ነው። ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የደራ ልጅም ለዚህ ትምህርት ሩቅ መሄድ አይጠበቅበትም። ከአዳማ ዳር ኮረብታዎቹ ላይ የቆሙት ተርባይኖች የመልመጃ መጽሐፍ ናቸው፦ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጠናቀቀው አዳማ አንድ በ34 ተርባይኖች 51 ሜጋ ዋት፣ በ2015 የተመረቀው አዳማ ሁለት በ102 ተርባይኖች 153 ሜጋ ዋት። እያንዳንዱ 1.5 ሜጋ ዋት መሆኑን ተማሪው በማካፈል ይደርስበታል።

ቀጥሎ ፓወር የተባለው ፈንክሽን ይመጣል። ነፋስ የሚሸከመው ኃይል እንደ ፍጥነቱ ኩብ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በሴኮንድ 7.4 ሜትር የነፈሰውን ተማሪው አስቀድሞ ወደ 7 ቢያጠጋጋ፣ ኩቡ 405 መሆን ሲገባው 343 ይሆናል፤ ከመቶ 15 ያህሉ በአንድ ራውንድ ጠፋ። ማጠጋጋት መጨረሻ ላይ ነው። አማካይ መውሰድም እንደዚያው ነው። ነፋሱ ለአንድ ሰዓት በሴኮንድ 4፣ ለሌላ አንድ ሰዓት በሴኮንድ 10 ሜትር ቢነፍስ አማካዩ 7፣ ኩቡም 343 ነው። መጀመሪያ ኩብ አድርጎ ከዚያ አማካይ የወሰደ ተማሪ ግን 532 ያገኛል። ተርባይኑን የሚነዳው ነፋስ የያዘውም ይህንኑ 532ን ነው።